ስለ ባለ ጆሮው የመንኰራኵር ዳዶና ስለ መፍቻው አያያዝ

አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን በአውቶሞቢል አሳፍሮ መንገድ ሲጀምር፥ የሁሉም ሕይወት በአራት መንኰራኵር ላይ የተጫነ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስበውም። በዛሬዎቹ አውቶሞቢሎች እያንዳንዱ መንኰራኵር በአብዛኛው በአራት ወይም በአምስት ብሎን የተያዘ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቢላላ ሌሎቹ እስኪደረስለት ድረስ ይይዙታል። ቀደም ባለው ዘመን ግን የእንግሊዝና የኢጣልያ ሠሪዎች ለፈጣን አውቶሞቢሎቻቸው ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። መንኰራኵሩ በእምብርቱ ላይ በአንዲት ትልቅ ዳዶ ብቻ ይታሰራል፤ ዳዶዋም በመዶሻ ተመትታ እንድትጠብቅና እንድትፈታ፥ ወደ ጎን የወጡ ሁለት ወይም ሦስት ክንፎች አሏት። ክንፎቹ የጆሮ መልክ ስላላቸው፥ በዚህ ጽሕፈት ባለ ጆሮ ዳዶ ብለን እንጠራታለን።

እንዲህ ያሉትን አሮጌ አውቶሞቢሎች እንደ ቅርስ ጠብቀው፥ በበዓልና በዕረፍት ቀን ከቤተ ሰባቸው ጋራ የሚንሸራሸሩባቸው ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬም ብዙዎች ናቸው። እኛም በእንግሊዝ አገር በሚኖረው በታናሽ ወንድማችን ቤት በእንግድነት በተቀመጥንበት ወራት፥ ስለዚች ዳዶ ልንረሳው የማንችለውን ነገር ስላየን፥ አሠራርዋንና አያያዝዋን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን። በምንጽፈው ሁሉ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

አውቶሞቢል በተፈጠረበት በመጀመሪያው ጊዜ መንኰራኵሩ ከዘንጉ ላይ በቀላሉ የሚወልቅ አልነበረም። ጎማው በመንገድ ላይ የፈነዳበት ሰው መንኰራኵሩን እንደ ተተከለ ትቶ፥ በጭቃና በአቧራ ተንበርክኮ ጎማውን ብቻ በብረት እየፈለቀቀ ያወጣ ነበር። በኮቨንትሪ ከተማ ብስክሌት በመሥራት ስሙ የተጠራው የረጅ ዊትዎርዝ ኩባንያ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ ከነጎማው በአንድ ጊዜ የሚወልቀውን ባለ ሽቦ መንኰራኵር አወጣ። ነገሩ መልካም ቢሆንም ወዲያው የተቀበለው ሰው ሁሉ አይደለም። በ1908 በፈረንሳይ አገር በዲዬፕ በተደረገው ታላቅ እሽቅድምድም፥ አሰናጆቹ ይህን የሚወልቅ መንኰራኵር ስለ ከለከሉ የእንግሊዝ ኔፒየር አውቶሞቢሎች ሳይወዳደሩ ቀሩ። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ስለ ኖርን፥ አዲስ ነገር በመጀመሪያው ችሎት ተረትቶ በይግባኝ ሲረታ ማየት እንግዳ አይሆንብንም። የሆነውም እንዲሁ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእሽቅድምድም የሚሮጠው አውቶሞቢል ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ መንኰራኵር ያዘ። በ1922 በሚላኖ ከተማ የተቋቋመው የቦራኒ ፋብሪካ በረጅ ዊትዎርዝ ፈቃድ ይሠራው ጀመር፤ ብዙዎቹ የፌራሪ አውቶሞቢሎችም ኋላ በቦራኒ መንኰራኵር ሄዱ። በ1954 የወጣው የመርሴዲስ 300 ኤስ ኤል ደግሞ ገዢው ሲፈልግ በዚሁ ዓይነት መንኰራኵር ይሰጠው ነበር። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕ በእያንዳንዱ መንኰራኵር 72 ሽቦ ነበረው። የወንድማችን አውቶሞቢል የሆነው ኤም ጂ ቢ በ1962 ሲወጣ፥ ባለ ሽቦው መንኰራኵር በተጨማሪ ዋጋ የሚገኝ ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ፥ ከመንኰራኵሩ ወጥቶ የሚታየው ጆሮ እግረኛን ይጐዳል ሲል በአገሩ በሚሸጡት አዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ከለከለው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ጆሮ የሌላት፥ ስምንት ማዕዘን ያላት ዳዶ ከነልዩ መፍቻዋ አወጡ። ሕጉ በ1996 ቢሻርም፥ ያን ጊዜ የተሠሩት ባለ ስምንት ማዕዘን ዳዶዎች ዛሬም በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ይገኛሉ። በመልክ የቀድሞዋ ትበልጣለች፤ ነገር ግን የሚሽከረከር የብረት ጆሮ በሕፃን ጉልበት አጠገብ ሲያልፍ የተመለከተ ሰው የሕጉን ምክንያት ይገባዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው እምብርት ዙሪያውን በቀጥታ የተቀረጹ ጥርሶች አሉት፤ በመንኰራኵሩ ልብ ውስጥም ከእነዚህ ጋራ የሚገጥሙ ጥርሶች አሉ። መንኰራኵሩን የሚያሽከረክሩትና ፍሬን ሲያዝም የሚያቆሙት እነዚህ ጥርሶች ናቸው። የዳዶዋ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ መንኰራኵሩን ከኋላው ወዳለው ሾጣጣ መቀመጫ ገፍታ ታጣብቀዋለች። ከፊት በኩልም የመንኰራኵሩ ልብ አፍ ሾጣጣ ስለ ሆነና የዳዶዋም ውስጥ ይህንኑ ሾጣጣ እንዲያቅፍ ሆኖ ስለ ተቈረጠ፥ መንኰራኵሩ በሁለቱ መካከል በትክክል ይቀመጣል። ዳዶዋ ጥቂት እንኳ ብትላላ ሾጣጣዎቹ ይለቃቀቃሉ፤ ጭነቱ ሁሉ በጥርሶቹ ላይ ይወድቃል፤ ጥርሶቹም ፍሬን በተያዘና ነዳጅ በተሰጠ ቍጥር እርስ በርሳቸው እየተማቱ ይበላሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጥምዙ አቅጣጫ ነው። በአውቶሞቢሉ ግራ ጎን ያሉት ዳዶዎች እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፤ በቀኝ ጎን ያሉት ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። ይህ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። የዳዶዋ ዕቅፍ ከሚያቅፈው የመንኰራኵር ሾጣጣ በጣም በጥቂቱ ይሰፋል። አውቶሞቢሉ ሲሄድ ክብደቱ በአንድ ወገን ስለሚጫን፥ ዳዶዋ መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር በሾጣጣው ዙሪያ ዐይን በማያየው መጠን እየተንከባለለች፥ መንኰራኵሩ ከሚዞርበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ትጐተታለች። ጥምዙ በትክክለኛው ጎን ከሆነ ይህ መጐተት ያጠብቃታል፤ ጎኑ ከተለዋወጠ ግን ያው ኃይል፥ ያለ አንዳች ጩኸት፥ እየፈታት ይሄዳል።

ስለዚህ ማንም ሰው ቢሆን ሊይዘው የሚገባ አንድ ምልክት አለ። በየትኛውም ጎን ቢሆን፥ ከእምብርቱ በላይ ያለው ጆሮ ወደ አውቶሞቢሉ ፊት ከተመታ ዳዶዋ ትፈታለች፤ ወደ ኋላ ከተመታ ትጠብቃለች። በእንግሊዞቹ ዳዶዎች ላይ የጎኑ ስምና የመፍቻው አቅጣጫ ከቀስት ምልክት ጋራ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚህ ሥርዓት የሚለዩ ሠሪዎች ስላሉም፥ በዳዶዋ ላይ የተቀረጸውን ሳያነቡ መዶሻ ማንሣት አይገባም። እኛ ይህን የምንጽፈው በኋላ ተምረነው ነው።

የወንድማችን አውቶሞቢል በ1967 የተሠራ፥ ጣራው የተከደነ ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ ነው፤ ከኋላው ለሕፃናት ብቻ የምትበቃ ጠባብ መቀመጫ አለችው። ከኋላ መንኰራኵሮቹ ዘይት ስለ ፈሰሰ ወደ አንድ ጋራዥ ልኮት ነበር፤ ሠራተኛውም ሁለቱን እምብርት አውልቆ፥ ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ ለውጦ መለሰለት። በማግሥቱ ቅዳሜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ኮቨንትሪ ሄደን በዚያ ያለውን የመጓጓዣ ሙዚየም ልናይ ተነሣን። ወንድማችን ከመንገድ በፊት ዳዶዎቹን መምታት ልማዱ ነውና መዶሻውን አነሣ፤ ማለዳው ገና ጨለማ ስለ ነበር እኛ መብራት ያዝንለት። የፊቶቹ እንደ ወትሮው ጠበቁ። የኋላዎቹ ግን በልማዱ መንገድ ሲመታቸው ላሉ።

«ጋሼ፥ ይህስ ተገላብጦብኛል» አለ።

ጥቂት ቆሞ አሰበና፥ «ሠራተኛው የሚያውቀውን ሠርቶ ይሆናል» ብሎ በተቃራኒው መትቶ አጠበቃቸው። እኛም መብራቱን ይዘን ዝም አልን። በዳዶዋ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት በመብራቱ ፊት ግልጥ ሆኖ ይታይ ነበር። የሰውን ጽሕፈት ስናነብና ስንመረምር ዕድሜያችንን ያሳለፍን ሰዎች ስንሆን፥ ያን አንድ ቃል ሳናነብ ቀረን።

ከሎንዶን 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቅን የወንድማችን ሚስት፥ «ከኋላ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል» አለች። ወንድማችን ጆሮውን ጣል አድርጎ አልሰማም አለ። እኛም አልሰማንም። ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን ያለው ሰልፍ ስለ ዘገየ ፍሬን ሲይዝ፥ እርስዋ እንደ ገና፥ «ጋሼ፥ እባክዎ ያቁም ይበሉት፤ ልጆቹ ከኋላ ናቸው» አለችን። የታላቅነታችንን ቃል ሰምቶ ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ።

ልጆቹን አውርደን ከመንገዱ አርቀን፥ ከብረቱ አጥር በስተኋላ አቆምናቸው። ወንድማችንም ወርዶ የኋላውን የቀኝ ዳዶ በእጁ ቢይዛት፥ ያለ መዶሻ፥ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረችለት። የግራዋም ላልታ ነበር። በዚያን ጊዜ ጐንበስ ብለን ጽሕፈቱን አነበብን፤ በቀኝ መንኰራኵር ላይ ባለችው ዳዶ የተቀረጸው ቃል በእንግሊዝኛ «ግራ» የሚል ነበር። ሠራተኛው የግራውን እምብርት በቀኝ፥ የቀኙን በግራ ተክሎ፥ ዳዶዎቹንም ጥምዛቸው እንደ ገጠመለት አስሮአቸዋል። አውቶሞቢሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ተመለሰ፤ እኛም ሙዚየሙን ሳናይ በባቡር ገባን። የጋራዡን ስም አንጽፍም፤ ስሕተቱን ራሱ አምኖ ያለ ዋጋ አስተካክሎታል፤ ያየነውን ያላነበብነውም እኛው ነንና።

ከዚያ ወዲህ በወንድማችን ቤት የዳዶው ነገር በሥርዓት ሆነ፤ ሥርዓቱንም የያዘችው ሚስቱ ናት። ስለ መሣሪያዎቹ ያወቅነውን ብዙውን ከእርስዋ ነው የተማርነው።

ባለ ጆሮዋን ዳዶ በተራ የብረት መዶሻ መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዓረብ ብረት ብረትን ሲመታ ጆሮዋን ያጐድፋል፥ የተለበጠችበትን ክሮም ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ውኃ አስገብቶ ያዝጋታል፤ የተፈናጠረውም ስባሪ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ መዶሻው ከዳዶዋ የለሰለሰ ነገር ሊሆን ይገባዋል። የታወቀው ቶር በሚባል ስም በእንግሊዝ አገር የሚሠራው ሁለት ፊት ያለው መዶሻ ነው፤ በአንድ ወገን መዳብ፥ በሌላው ወገን ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ የከብት ቆዳ አለው። ጠንክራ የተያዘችውን ዳዶ ለማላቀቅ በመዳቡ፥ ለቀረው ሥራ በቆዳው ይመታል። እርሳስ መዶሻም አለ፤ ከሁሉ የለሰለሰ ስለ ሆነ ዳዶዋን አይጐዳም፤ ነገር ግን እርሳስ መርዝ ነውና ከርሱ የሚረግፈው ብናኝ በእጅ ላይ እንዳለ እንጀራ መቍረስ አይገባም፥ ልጆችም ሊጫወቱበት አይገባም። ወንድማችን የእርሳሱን መዶሻ ከቤት ያስወጣው ስለዚህ ነው።

ከመዶሻው ይልቅ እኛ የወደድነው የእንጨቱን መፍቻ ነው። ይህ ከጠንካራ እንጨት የተቈረጠ ወፍራም ገበታ ሲሆን፥ በመካከሉ የዳዶዋን ቅርጽ በልክ የሚቀበል ጕድጓድ ተፈልፍሎበታል፤ ከጎኑም ረዥም እጀታ ወጥቶለታል። ገበታውን በጆሮዎቹ ላይ አጥልቆ እጀታውን መግፋት ብቻ ነው። ጭነቱ በአንድ ጆሮ ጫፍ ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ጆሮ አይጣመምም፤ ክሮሙም አይጫርም። እጀታው በረዘመ መጠን ኃይል ስለሚበዛ፥ ክንደ ብርቱ ያልሆነ ሰው ይሠራበታል። የወንድማችን ሚስት በቁመትም በክብደትም ትንሽ ሴት ናት፤ ባሏ በመዶሻ ሰባት ስምንት ጊዜ የሚደበድባትን ዳዶ እርስዋ በእጀታው ላይ አንድ ጊዜ ተጭና ትፈታታለች። እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ የሚመርጡት ጠንካራ እንጨት ነው፤ የአገራችን ባላገር ለመጥረቢያ እጀታ ወይራን የሚመርጥበትን ምክንያት ያወቀ ሰው ይህ አያስረዝምበትም። ለስምንት ማዕዘኗ ዳዶ የሚሆነው መፍቻ ግን የብረት ቀለበት ነው፤ በውስጡ ቀጭን ቆዳ ወይም ጨርቅ ካልተደረገ ማዕዘኖቹን ይፍቃል።

መሣሪያዎቹም እንደ ዳዶዋ ጠባቂ ይፈልጋሉ። መዳብ በተመታ ቍጥር እየደነደነ ይሄዳል፤ ጠርዙም እንደ እንጕዳይ ወደ ውጭ ይገለበጣል። የተገለበጠው ከንፈር በሞረድ ካልተነሣ አንድ ቀን ተገንጥሎ ይፈናጠራል። የደነደነውን መዳብ ለማለስለስ ፊቱን ከመዶሻው አውልቆ እስኪቀላ በእሳት ማጋልና በውኃ መንከር ነው፤ ብረት በዚህ ሥራ ሲደነድን መዳብ ግን ይለሰልሳል። ቆዳው በእርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ይሻግታል፥ በእሳት አጠገብ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ተፈትሎ ሲበታተን በአዲስ መለወጥ ይሻላል። የመዶሻው ራስ ከእጀታው እንዳይወልቅ ከሥራ በፊት መነቅነቅ ልማድ ይሁን። የእንጨቱ መፍቻ በዓመት አንድ ጊዜ የተልባ ዘይት ቢጠጣ አይሰነጠቅም፤ በጕድጓዱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ የታየበት ግን ማገዶ እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ እጀታውን በሚገፉበት ጊዜ ቢከፈል ገፊውን በፊቱ ይደፋዋልና።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንናገር። አውቶሞቢሉ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የማይነሡት መንኰራኵሮች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በግንድ ይደገፉ። ዳዶዋ መንኰራኵሩ መሬት እንደ ረገጠ በመጠኑ ትላላ፤ ከዚያ በኋላ አውቶሞቢሉ በክሪክ ይነሣና ዳዶዋ በእጅ ተፈትታ ትውጣ። በክሪክ ብቻ በተነሣ አውቶሞቢል ሥር እጅም ሆነ እግር አይግባ። ብዙ ሰው በማጥበቁ ጊዜ ይሳሳታል፤ መንኰራኵሩን ወደ መሬት አውርዶ ነው የሚመታው። መሬት በረገጠ ጊዜ ግን የአውቶሞቢሉ ክብደት መንኰራኵሩን ወደ አንድ ወገን ስለሚጫነው በሾጣጣው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ስለዚህ ገና በአየር ላይ ሳለ ማጥበቅ ይገባል። መንኰራኵሩ እንዳይዞር ፍሬን ያስፈልጋል፤ በወንድማችን አውቶሞቢል የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ስለ ሆነ፥ የፊተኞቹ ሲጠብቁ ሌላ ሰው ገብቶ የእግር ፍሬኑን ሊረግጥ ግድ ነው። ይህን ሥራ አሁን ታላቁ ልጅ ይዞታል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ «ያዝሁ» ብሎ ሳይጮኽ እናቱ መፍቻውን አታነሣም።

ዳዶዋ በተፈታች ጊዜ ዝም ብሎ መልሶ ማሰር የሰነፍ ሥራ ነው። አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፥ ጥርሶቹም በጨርቅ ተወልውለው ይታዩ። ጤነኛ ጥርስ ራሱ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ጫፉ እንደ ቢላዋ የሰላ ከሆነ ግን ተበልቶአል ማለት ነው። በጥርሶቹ መካከል ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ከታየ፥ ዳዶዋ ላልታ መንኰራኵሩ ሲንቀሳቀስ ኖሮአል። የተበላ እምብርት አዲሱን መንኰራኵር፥ የተበላ መንኰራኵርም አዲሱን እምብርት ስለሚበላ፥ ገንዘብ ለማትረፍ አንዱን ብቻ መለወጥ ኋላ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ጥርሱ ደኅና ከሆነ በእርሱ፥ በጥምዙና በሾጣጣዎቹ ላይ ስስ ግራሶ ይቀባ። በብዛት የተቀባ እንደ ሆነ ግን አውቶሞቢሉ ሲሮጥ እየተረጨ ሽቦውን ሁሉ ያጨቀየዋል፤ አቧራም ይሰበስባል።

መንኰራኵሩ በእጅ ባለ ጊዜ ሽቦዎቹንም መፈተን ቀላል ነው። በትንሽ እንጨት እያንዳንዱን መታ መታ ማድረግ ነው፤ የጠበቀው እንደ በገና አውታር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ወይም የተሰበረው ደፍኖ ይመልሳል። እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆነ ጆሮአችን በዚህ አልታማም፤ በመጀመሪያው ቀን ወንድማችን ያላወቃቸውን ሦስት የላሉ ሽቦዎች አገኘንለት። የሚያጠብቃቸው ግን ሥራውን ያወቀ ባለ ሙያ ነው፤ አንዱን ያለ ልክ የሳበ ሰው መንኰራኵሩን ያጣምመዋል።

ከታሰረ በኋላም ሥራው አላለቀም። አዲስ የታሰረ መንኰራኵር ጥቂት መንገድ ሲሄድ በመቀመጫው ላይ ይደላደላል፤ ዳዶዋም በዚያው ልክ ትላላለች። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዐሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆሞ እንደ ገና ማጥበቅ ይገባል፤ ከዚያም ከረዥም መንገድ በፊት ሁሉ። የወንድማችን ሚስት ያገኘችው ዘዴ ደግሞ ከመዶሻው ይልቅ ቀላል ነው። ዳዶዋ በጠበቀች ጊዜ ከዳዶዋ እስከ መንኰራኵሩ ልብ ድረስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ትሰምራለች። ዳዶዋ የዞረች እንደ ሆነ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ይህንንም ሕፃን እንኳ ያየዋል። ወንድማችን በመጀመሪያ ቀን የክሮሙን መልክ ያበላሻል ብሎ ተከራክሮ ነበር። እርስዋም፥ «ሙዚየም ስንገባ አጠፋዋለሁ» አለችው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዳዶ የበዛ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2023 በካታር በተደረገው የፎርሙላ ዋን እሽቅድምድም የማክላረን ሠራተኞች የአንዱን አውቶሞቢል አራት መንኰራኵሮች በ1.8 ሰኮንድ ለወጡ፤ እነዚያም መንኰራኵሮች እያንዳንዳቸው በአንዲት ዳዶ ብቻ የታሰሩ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ለአንዱ መንኰራኵር ብቻ ሦስት ሰዎች ይቆማሉ፤ ዳዶውንም የሚያዞረው በመንኰራኵሩ አጠገብ የተያዘ የሞተር መሣሪያ ነው፤ የላላ መንኰራኵር ይዞ የወጣም ይቀጣል። በቤተ ሰብ አውቶሞቢል ግን ሠራተኛውም፥ ተቈጣጣሪውም፥ ተሳፋሪውም ያው የቤቱ ሰው ነው።

እኛ ለወንድማችን የሰጠነው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሥራችን የመጣ ነው። ለአውቶሞቢሉ መዝገብ አስከፈትነው። ዳዶ የተፈታበት ቀን፥ የተፈታው መንኰራኵር፥ የፈታው ሰው ስም፥ በዳዶዋ ላይ የተነበበው ቃል፥ እንደ ገና የጠበቀችበት ኪሎ ሜትር በየዓምዱ ይጻፋል። አውቶሞቢሉ ወደ ጋራዥ ሄዶ ሲመለስም፥ ማንም ሰው ሳይነዳው በፊት አራቱ ዳዶዎች ተነብበው በመዝገቡ ይፈረማል። በመጀመሪያው ገጽ ያን የቅዳሜውን ነገር በእጃችን ጻፍነው፤ መብራቱን ማን ይዞ እንደ ነበረም አልደበቅንም።

ወደ አገራችን ልንመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን እንደ ገና ወደ ኮቨንትሪ ተነሣን። ማለዳ አራቱ ዳዶዎች ተነበቡ፤ ታናሺቱ ልጅ የእንግሊዝኛውን ፊደል በጣትዋ እየተከተለች «ቀኝ፥ ግራ» እያለች ጠራች፤ ታላቁ መዝገቡን ያዘ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን እናታቸው በአንድ ማደያ አስቆመችን፤ ወርዳም መኪናውን ዞረችና በአራቱም ነጭ መስመር ላይ ጣትዋን አሳለፈች። የኋላውን የግራ ዳዶ በእንጨቱ መፍቻ አንድ ጊዜ ጫን አደረገቻት፤ መስመሩ በእህል ፍሬ ልክ ስለ ተለየ አሮጌውን አጥፍታ ሌላ ሰመረች፤ ልጁም ኪሎ ሜትሩን ጻፈ። ኮቨንትሪ የደረስነው ከቀትር በፊት ነው።